የእህቴን ላፕቶፕ ያቃጠለው 12 ቮልት

ነገሩ የተጀመረው በዶሮ ነው። እናቴ ጓሮ ውስጥ ዶሮ ታረባለች። እኔ ደግሞ ኢኮኖሚክስ ተምሬ ሥራ እየፈለግኩ ነበር፤ «ሥራ እየፈለግኩ» የሚለውን «ቤት ተቀምጬ» ብላችሁ አንብቡት። እናም አንድ ቀን ስሌት ሠራሁ። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ስትታቀፍ 21 ቀን ሙሉ አትጥልም። ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላም እነሱን ስታሳድግ ሳምንታት ይሄዳሉ። ክፍል ውስጥ «ኦፖርቹኒቲ ኮስት» እያሉ ያስተማሩን ነገር ላባ አብቅሎ ጓሯችን ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። መታቀፉን ማሽን ይሥራው፣ ዶሮዋ መጣሏን ትቀጥል አልኩ።

ማሽኑ በሐሳብ ደረጃ ቀላል ነው። አንድ ሣጥን፣ የሚያሞቅ አምፖል፣ አየሩን የሚያዘዋውር ፋን፣ እርጥበት የሚሰጥ ውሃ ያለበት ሳህን። ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ አካባቢ መቆየት አለበት። ከ40 በላይ ወጥቶ ከቆየ እንቁላሉ ውስጥ ያለው ጽንስ ይሞታል። የኛን ሰፈር መብራት ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ስለዚህ 220 ቮልቱን ትቼ ሁሉን ነገር በ12 ቮልት ለመሥራት ወሰንኩ። ከተበላሸ ኮምፒውተር የወጣ ፋን፣ ባለ 21 ዋት ሁለት የመኪና አምፖሎች፣ አንድ ባለ 12 ቮልት አዳፕተር፣ መብራት ሲሄድ የሚተካ ደግሞ የመኪና ባትሪ። ፋኑና አምፖሉ መቼ እንደሚበሩ የሚወስነው ኮምፒውተር ይሆናል።

ኮምፒውተር የሚባለው የታናሽ እህቴ ላፕቶፕ ነው። የመመረቂያ ጽሑፏ ውስጡ ነበር፤ ለማስረከብ የቀራት ጊዜ ሦስት ሳምንት።

አሁን የምጽፈውን ሳስበው ራሴን ያመኛል። ዩኤስቢ 5 ቮልት እንደሚሰጥ አውቅ ነበር። ፋኑ 12 ቮልት ይፈልጋል። በኔ ጭንቅላት ቮልት እንደ ብር ነው፤ ከዚህ 5፣ ከዚያ 12፣ ተደማምሮ ይሠራል። አንድ የዩኤስቢ ገመድ ቆርጬ ቀዩን ሽቦ ከአዳፕተሩ ቀይ ጋር፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ ጋር አጠላለፍኩና ፋኑን አገናኘሁ። ፋኑ ዞረ። ለሁለት ሰከንድ ያህል በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ ስክሪኑ ጠፋ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣ፣ በቃ።

እህቴ አልጮኸችም። «ጽሑፌስ?» ብቻ አለችኝ።

በማግስቱ ላፕቶፑን በፌስታል ይዤ መርካቶ አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ሄድኩ። ዕድሜያቸው የአባቴ ነው፤ ከቴፕ ሪከርደር ዘመን ጀምሮ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ከፍተው አሸተቱት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ማነው 12 ቮልት ያጠጣው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ምን አደረገህ?»

የሃርድ ዲስኩ ነገር ተረፈ። አውጥተው በሌላ ኮምፒውተር ሲከፍቱት የእህቴ ጽሑፍ እንዳለ ነበር። ማዘርቦርዱ ግን አልተረፈም። የዩኤስቢ መስመር የተሠራው ለ5 ቮልት ነው፤ እኔ በጓሮ በር 12 ቮልት መልሼ አስገባሁበት። በዚያ መስመር ላይ ያሉት ትንንሽ ቺፖች ይህን የሚችሉበት አቅም የላቸውም።

ጋሼ ሥራ ሲቀዘቅዝ ማስተማር የሚወዱ ሰው ሆነው ተገኙ። ጥግ ላይ አቧራ የጠጣ የድሮ ዴስክቶፕ ነበራቸው፤ ከኋላው ያ ሮዝማ ቀለም ያለው፣ 25 ቀዳዳ ያለው የፕሪንተር ፖርት አለው። በእናንተ ዕድሜ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ ላታውቁት ትችላላችሁ፣ እኔም በደንብ ያየሁት ያኔ ነው። ከ2 እስከ 9 ያሉት ስምንት ቀዳዳዎች ኮምፒውተሩ ወደ ፕሪንተር መልእክት የሚልክባቸው ናቸው። እያንዳንዳቸው ወይ ዜሮ ወይ 5 ቮልት አካባቢ ያወጣሉ። ከ18 እስከ 25 ያሉት ደግሞ ግራውንድ፣ ማለትም የጋራ ዜሮ ናቸው።

«ፖርት ምንድነው?» አሉኝ። የኢኮኖሚክስ ተማሪ ወደብ ሲባል የሚታየው ጅቡቲ ነው። ዕቃ የሚገባበትና የሚወጣበት ብዬ መለስኩ።

«እዚህ ዕቃ አይወጣም» አሉ። «ወሬ ነው የሚወጣው።»

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከፖርቱ ቀዳዳ የሚወጣው ትእዛዝ እንጂ ጉልበት አይደለም። አንዱ ቀዳዳ ያለ ጭንቀት የሚሰጠው ጥቂት ሚሊአምፒር ነው። የኔ ፋን 180 ሚሊአምፒር ይፈልጋል፣ ያውም በ12 ቮልት። ሁለቱ አምፖሎች ሲደመሩ 42 ዋት ናቸው፤ ለ12 ስታካፍሉት 3.5 አምፒር ይመጣል። ፖርቱ ይህን ተሸከም ቢባል ወይ ይሞታል ወይ ዝም ይላል። ስለዚህ መሐል ላይ አንድ ነገር መቆም አለበት፤ ትንሿን ወሬ ሰምቶ ትልቁን ፍሰት የሚከፍትና የሚዘጋ። ትራንዚስተር።

ትራንዚስተር በ1947 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር ታኅሣሥ ወር አሜሪካ በቤል ላብራቶሪ ተወለደ። ባርዲን፣ ብራታይንና ሾክሌይ በ1956 የፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙበት። ይህን ጽሑፍ የምታነቡበት ስልክ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ አሉ፤ አፕል በ2020 ያወጣው ኤ14 ቺፕ ብቻ 11.8 ቢሊዮን ይዟል። ስልካችሁ ኪስ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ትንሿን ሞተር የሚያዟትም ትራንዚስተሮች ናቸው። ጋሼ መዳፌ ላይ ያስቀመጡልኝ ግን አንድ ብቻ ነው፦ ቲአይፒ120 የሚባል፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክል፣ ሦስት እግር ያለው ጥቁር ነገር። ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም። የእህቴ ላፕቶፕ የሞተው ይህ ስላልነበረ ነው።

ሦስቱ እግሮች ቤዝ፣ ኮሌክተርና ኤሚተር ይባላሉ። እኔ የገባኝ በቼክ ነው። ቼክ ላይ የሚፈርም ሰው ብሩን ከኪሱ አያወጣም። ፊርማው ትንሽ ቀለም ነው፤ ብሩ የሚወጣው ከባንክ ካዝና ነው። ቤዝ ላይ የሚገባው ትንሽ ከረንት ፊርማው ነው። ካዝናው የ12 ቮልቱ አዳፕተር ነው። ኮሌክተርና ኤሚተር ደግሞ የካዝናው በር። ፈራሚውና ካዝናው በገንዘብ አይነካኩም። የኔ ጥፋት የካዝናውን ብር በሙሉ የፈራሚው ኪስ ውስጥ መገልበጤ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የአዳፕተሩ ፖዘቲቭ በቀጥታ ወደ ፋኑ ቀይ ሽቦ ይሄዳል። የፋኑ ጥቁር ሽቦ ወደ ኮሌክተር ይገባል። ኤሚተር ወደ አዳፕተሩ ኔጌቲቭ ይወርዳል። ከፖርቱ ቀዳዳ የሚመጣው ሽቦ ደግሞ በ1 ኪሎኦም ሬዚስተር በኩል አልፎ ቤዝ ላይ ያርፋል። ሬዚስተሩ ለምን? ቤዙ ራሱን መቆጣጠር ስለማይችል፣ የሰጡትን ሁሉ ስለሚጠጣ ነው። ከ5 ቮልቱ ላይ ይህ ዓይነት ትራንዚስተር ለራሱ 1.4 ያህል ይወስዳል። የቀረው 3.6 ቮልት በ1,000 ኦም ሲካፈል 3.6 ሚሊአምፒር ነው። ለፖርቱ ቀላል ሸክም። በዚያ 3.6 የሚታዘዘው 180 ነው፤ ሃምሳ እጥፍ። በኛ ትምህርት ቤት ቋንቋ «ሌቨሬጅ» ይባላል፣ ግን የትኛውም ባንክ እንዲህ አይነት አይሰጥም።

ፋኑን ከኤሚተሩ በታች ብናደርገውስ? ብዬ ጠየቅኩ። ሞክረው አሉኝ። ፋኑ እየተንቀራፈፈ መነሳት አቃተው። ምክንያቱም ኤሚተሩ ከቤዙ በላይ መውጣት አይችልም፤ ቤዙ 5 ከሆነ ፋኑ የሚያገኘው 3.6 አካባቢ ነው። 12 ቮልት ከላይ ቢኖርም አይደርሰውም። ጭነቱ ከላይ፣ ትራንዚስተሩ ከታች። ይህን አንድ ነገር ብትይዙ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

ሌላው ግማሽ ዜሮው ነው። መጀመሪያ ስገጣጥመው የኮምፒውተሩን ግራውንድ ከአዳፕተሩ ኔጌቲቭ ጋር ሳላገናኝ ቀረሁ፤ ምንም አልሠራም። ላፕቶፕ ካቃጠልኩ በኋላ ሁለቱን ማነካካት ፈርቼ ነበር። ጋሼ ሳቁ። «የፈረንጅ ሰው 2 ሰዓት ብሎ ቢቀጥርህ መቼ ትሄዳለህ?» አሉኝ። እኛ ከንጋት እንቆጥራለን፣ እሱ ከእኩለ ሌሊት፤ በመሐሉ 6 ሰዓት አለ። ቮልትም ብቻውን ቁጥር አይደለም፣ ከአንድ መነሻ ያለው ልዩነት ነው። ኮምፒውተሩ «5» ሲል ትራንዚስተሩ ከየት ተነስቶ እንደሚቆጥር ካልተስማሙ አይግባቡም። ኔጌቲቩ ይገናኛል፣ ፖዘቲቩ በፍጹም አይገናኝም።

ቤት ስመለስ የፕሪንተር ፖርት ያለው ኮምፒውተር የለኝም፣ እህቴም ስልኳን እንኳ እንድነካ አትፈቅድም። የገዛሁት ርካሽ የአርዱዪኖ ቦርድ ነው። በዩኤስቢ ይሰካል፣ እግሮቹ እንደ ፕሪንተር ፖርቱ ወይ ዜሮ ወይ 5 ቮልት ያወጣሉ። አንዱ እግር እስከ 20 ሚሊአምፒር ቢሰጥ ምቹ ነው፤ 40 ከደረሰ የመጨረሻ ገደቡ ነው። ስህተት ብሠራ መጀመሪያ የሚቃጠለው ቦርዱ ነው ብዬ ተጽናናሁ። ስልክ ያላችሁም ብትሆኑ በኦቲጂ ገመድ እንዲህ ያለውን ቦርድ ማዘዝ ትችላላችሁ። እኔ ግን የመጀመሪያ ሙከራችሁን በስልካችሁ አድርጉ ብዬ አልመክርም፤ ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ፋኑ ሠራ። አምፖሎቹንም በሌላ ቲአይፒ120 አሠራኋቸው፣ በሩ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ትራንዚስተሩን ስነካው ጣቴ ተላጠ።

ይህ ክፍል በቪዲዮዎቹ ላይ ቶሎ ይታለፋል። ትራንዚስተር በሩን ሲከፍት ሙሉ በሙሉ ነጻ አያደርገውም፣ የመግቢያ ክፍያ ይወስዳል። ቲአይፒ120 በዚህ መጠን ከረንት ሲያልፍበት እስከ 2 ቮልት ድረስ ይበላል። 2 በ3.5 ስታባዙ 7 ዋት ነው፣ ሁሉም ሙቀት ሆኖ በዚያች ትንሽ ጥቁር ነገር ላይ ይወጣል። ያለ ማቀዝቀዣ ብረት አይችለውም። እኔ እንቁላል ልፈለፍል እንጂ ትራንዚስተር ልጠብስ አልተነሳሁም።

መፍትሔው ሞስፌት ነው። የትራንዚስተር ዘመድ ነው፣ እግሮቹ ግን ጌት፣ ድሬንና ሶርስ ይባላሉ። ጌቱ ከረንት አይጠጣም፤ ቮልቱን ካየ ይከፍታል። የገዛሁት አይአርኤልዜድ44ኤን ይባላል። በ5 ቮልት ሲታዘዝ ውስጡ የሚቀረው ተቃውሞ ቢበዛ 0.025 ኦም ነው። በ3.5 አምፒር የሚባክነው ሙቀት አንድ ሦስተኛ ዋት እንኳ አይሞላም። ለብ ይላል እንጂ አያቃጥልም። ስትገዙ ግን ስሙ ውስጥ ያለችውን «ኤል» እዩ። ባለሱቁ «አንድ ነው ውሰደው» ብሎ አይአርኤፍ540 ሊሰጣችሁ ይችላል። እሱ በደንብ የሚከፈተው በ10 ቮልት ነው፤ በ5 ቮልት ግማሽ ከፍቶ ይግላል። አንድ አይደለም። የዕቃውን ቁጥር ስልካችሁ ላይ ጻፉና «ዳታሺት» ጨምራችሁ ፈልጉ፤ እዚያው ሱቁ በር ላይ ቆማችሁ።

40 እንቁላል አስገባን። እማዬ በእያንዳንዱ ላይ በእርሳስ በአንድ በኩል ኤክስ፣ በሌላው ክብ ምልክት አድርጋ በቀን ሦስት ጊዜ በእጇ ትገለብጣለች። ላፕቶፕም አላስፈለገኝም፤ ቦርዱ ፕሮግራሙን አንዴ ከተጫነበት በኋላ ከሙቀት መለኪያው እያነበበ ራሱ ይወስናል። 42 ዋት ለማዘዝ ሌላ ኮምፒውተር 21 ቀን ማብራት የኢኮኖሚክስ ሰው የሚሠራው አይደለም፤ ይህ የገባኝ አንዱን ካቃጠልኩ በኋላ መሆኑ ያሳዝናል።

በስድስተኛው ሌሊት እማዬ ቀሰቀሰችኝ። «ተነስ፣ ሣጥኑ እንደ ምድጃ ሆኗል።»

39.4 ዲግሪ፣ እየጨመረም ነው። ቦርዱ «አጥፋ» እያለ ነው፣ አምፖሎቹ ግን ቦግ ብለው በርተዋል። ክዳኑን ከፍተን አዳፕተሩን ነቀልን። ለካስ እማዬ እንቁላል ስትገለብጥ ከቦርዱ ወደ ጌቱ የሚሄደው ቀጭን ሽቦ ተነቅሏል። ሽቦው ከተነቀለ ይጠፋል ብዬ ነበር የማስበው። ጌት ግን ከረንት ስለማይጠጣ የመጨረሻውን ትእዛዝ እንደያዘ ይቆያል። «አብራ» ተብሎ ከሆነ የተለያየው፣ ሌላ ሰው መጥቶ እስኪነግረው ያበራል።

መድኃኒቱ አንድ 10 ኪሎኦም ሬዚስተር ነው፤ ከጌቱ ወደ ሶርስ። አዛዡ ዝም ካለ፣ ቦርዱ እየተነሳ ከሆነ፣ ወይም ሽቦ ከወለቀ፣ ሬዚስተሩ ጌቱን ወደ ዜሮ ይጎትተውና በሩ ይዘጋል። ጋሼ ነግረውኝ ነበር። «ለፋኑ ባታደርገውም ግድ የለም፣ ለሚያሞቀው ነገር ግን እንዳትረሳ» ብለውኝ ነበር። ረሳሁ። በሰባተኛው ቀን በባትሪ መብራት አስጠግተን ስናይ በአንዳንዶቹ ውስጥ የደም ሥር አልነበረም። ከሌሊቱ ሙቀት ይሁን ከመጀመሪያውም ፍሬ ያልያዙ ይሁኑ መለየት አይቻልም። እማዬ ምንም አላለችኝም፣ ዝም ብላ አወጣቻቸው።

ወሬው ሰፈር ሲሰማ አንድ ጎረቤታችን መጡ። «ይሄን ነገር ለውሃው ዲናሞ አታደርግልኝም? ውሃ ሌሊት ነው የሚመጣው፣ መነሳት ሰለቸኝ።» ዲናሞው የ220 ቮልት ነው። እዚህ ላይ ቆም እንበል። እስካሁን ያወራነው 12 ቮልት ዕቃ ያቃጥላል እንጂ ሰው አይገድልም። 220 ይገድላል። ለዚያ የኛ ሞስፌት አይሆንም፤ ሪሌይ ያስፈልጋል፣ ማለትም በማግኔት የሚሳብ ማብሪያ ማጥፊያ። ትራንዚስተሩ የሚያዘው የሪሌዩን ጥቅል ሽቦ ብቻ ነው። የተለመደው ባለ 12 ቮልት ሪሌይ 400 ኦም ያህል ስላለው 30 ሚሊአምፒር ይወስዳል፤ ለዚያ 2ኤን2222 የምትባለው ትንሿ ትራንዚስተር ከ1 ኪሎኦም ሬዚስተር ጋር ትበቃለች።

ጥቅል ሽቦ ግን አመል አለው። የሚያልፍበትን ከረንት በድንገት ስትቆርጡበት እሺ አይልም፤ ለቅጽበት ከ12 ቮልቱ ብዙ እጥፍ የሆነ ቮልት ይረጫል፣ የሚረጨውም ትራንዚስተሩ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ 1ኤን4007 ዳዮድ በጥቅሉ ላይ በተቃራኒ ይታሰራል፤ ነጩ መስመር ወደ ፖዘቲቩ። ያ ግርፋት በዳዮዱ በኩል ዞሮ ዞሮ ይሞታል። ያለ ዳዮድም መጀመሪያ ላይ ይሠራል፣ አሳሳቹም ይኸው ነው። አንድ ቀን ትራንዚስተሩ ሞቶ ታገኙታላችሁ።

ኮምፒውተሩን ከነአካቴው መለየት ለሚፈልግ ደግሞ ፒሲ817 የሚባል ባለ አራት እግር ዕቃ አለ። ውስጡ ትንሽ መብራትና ብርሃን ሲያይ የሚከፈት ትራንዚስተር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ትእዛዙ የሚሻገረው በብርሃን ነው፣ በመሐል ሽቦ የለም። እዚህ ጋ ቅድም ያልኩት የጋራ ዜሮ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ሁለቱን ግራውንድ ካገናኛችሁ የገዛችሁትን መለያየት በእጃችሁ አፈረሳችሁት። ይህ ዕቃ ለኔ ከዚያ ቀን በፊት ቢኖር ኖሮ…

ለጎረቤታችን ትእዛዝ የሚሰጠውን የ12 ቮልቱን ክፍል ሠራሁላቸው። የ220ውን ክፍል ግን የመብራት ባለሙያ አምጡ አልኳቸው። ዲናሞ ሲነሳ ከተለመደው ብዙ እጥፍ ከረንት ስለሚጎትት ትንሿ የቦርድ ሪሌይ ተጣብቃ ልትቀር ትችላለች፣ ከበድ ያለ ኮንታክተር ነው የሚፈልገው። ሰውየው ትንሽ ቅር አላቸው። «ይሄን ሁሉ ተምረህ?» አሉኝ። የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው አልኳቸው።

በ21ኛው ቀን ጠዋት ከሣጥኑ ውስጥ ድምፅ ተሰማ። በማግስቱ ማታ ድረስ 26 ወጡ። እህቴ ጽሑፏን በተከራየችው ኮምፒውተር ጨርሳ አስረክባ ነበር። መጥታ አንዷን ጫጩት አነሳችና «ስንት ጫጩት ነው አንድ ላፕቶፕ?» አለችኝ። አስልቼ ነገርኳት። የወራት ዕዳ ነው፣ መክፈል ጀምሬያለሁ።

አሁን የቀረው የመገልበጡ ሥራ ነው። እማዬ በቀን ሦስት ጊዜ መገልበጥ ሰልችቷታል፤ ትሪውን ወዲህና ወዲያ የሚያዘነብል ትንሽ ሞተር ያስፈልጋል። ሞተሩ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ እንዲዞር ደግሞ አንድ ትራንዚስተር አይበቃም፣ አራት ያስፈልጋሉ። ጥንዶቹ ተሳስተው በአንድ ጊዜ ከተከፈቱ የአዳፕተሩ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ በቀጥታ ይገናኛሉ። አራቱን ገዝቼ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጫለሁ። እህቴ ስልኳን ከክፍሌ ወስዳለች።